የቱ ጣሳ?

እሁድ ማታ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ እኔ ከአንደኛ ክፍል የሒሳብ ዕቅድ ጋር ተፋጥጫለሁ። ቅርፅ፣ ክፍልፋይ፣ ልኬት፣ ሰዓት። ቅጹ «ዓላማ» ይላል፣ «መርጃ መሣሪያ» ይላል፣ «ግምገማ» ይላል። ልጅ ጠይቆ ሲያፋጥጥህ የት እንደምትገባ የሚሞላበት ቦታ ግን የለውም።

አምና ቅርፅን አቅልዬ ነው የጀመርኩት። መርጃ መሣሪያ ከአካባቢ ይሁን ስለሚባል ለሦስት ማዕዘን ሳምቡሳ ገዛሁ። «ሦስት ጎን፣ ሦስት ማ...» ብዬ ሳልጨርስ ከፊት የተቀመጠው ጫፏን ገመጣት። ጎኑ ያለችው ልጅ በጣቷ ቆጠረችና «ቲቸር፣ አሁን አራት ሆነ» አለች። ልክ ናት! ጫፉ የተገመጠ ሦስት ማዕዘን አራት ማዕዘን ነው። ችግሩ አራት ማዕዘን በዕቅዴ ላይ የሐሙስ ነበር፣ ቀኑ ደግሞ ማክሰኞ።

ለክብ በርጩማ ይዤ ገባሁ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፣ ሦስት እግር ስላለው ወለሉ ጎርባጣ ቢሆንም አይነቃነቅም። የእኔ ባለአራት እግር ጠረጴዛ ግን ከሥሩ ወረቀት ታጥፎ ካልገባለት አይቆምም። ወረቀቱ የካቻምና ዕቅዴ ነው።

ክፍልፋይ ላይ «ሩብ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሥጋ!» አለ። እሺ፣ ሁለት ሩብ ስንት ይሆናል? አንዱ አሰብ አደረገና «ከነአጥንቱ ነው ያለ አጥንት?» አለኝ። ይሄ ልጅ አድጎ ማንም አያታልለውም።

እውነተኛው ጣጣ ልኬት ላይ መጣ። ሰሌዳውን በስንዝር ለኩ አልኳቸው፣ እያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ይዞ መጣ፣ ተጣሉም። ለዚህ ነው ሁላችንም አንድ መለኪያ የሚያስፈልገን ብዬ ልቤ ሞልቶ አስረዳሁ። ጅማ ተቀምጦ ልኬትን ያለ ቡና ማስተማር ስለማይሆንልኝ፣ አንድ ባዶ ጣሳ ከቦርሳዬ አወጣሁና «ይሄ ጣሳ ስንት ሲኒ ቡና ይይዛል?» አልኩ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። እናቷ እዚሁ ጅማ መርካቶ ቡና ትነግዳለች።

«ቲቸር፣ የቱ ጣሳ?»

«እንዴት የቱ?»

«የምንገዛበት ነው የምንሸጥበት?»

ነይ አሳዪን አልኳት። ባልላት ይሻለኝ ነበር። መጀመሪያ የመግዣውን አሳየች፤ ጣሳውን በሁለት ክንዷ እቅፍ አድርጋ፣ ቡናው ክምር ብሎ እንዳይፈስ በደረቷ ደግፋ፣ አሁንም «መርቁልኝ» እያለች። ከዚያ የመሸጫውን። አውራ ጣቷን እስከ መገጣጠሚያው ጣሳው ውስጥ ከተተች፣ በሌላው እጇ አፉን ላጭ አደረገችና «እንደውም የኛ ከታች በመዶሻ ገባ ተደርጓል» ብላ ገልብጣ አሳየችን። «ሦስት ጣሳ ከገዛን አራት ጣሳ እንሸጣለን።»

የአንደኛ ክፍል ልጅ ግማሽና ሩብ ከገባው እሰየው ነው። እሷ ሦስት አራተኛን ከገበያ ይዛ መጣች። ሠላሳ ምናምን ልጅ አፉን ከፍቶ ሰማት። ሰባት ዓመት በቆየሁበት ሙያ እንደዚያ ቀን ጸጥ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም።

ወሬው ቤት ሲደርስ እናትየው በማግስቱ በር ላይ ጠበቁኝ። ቆጣ ብለው ጀመሩ፣ ከዚያ ሳቅ አሉ፣ ከዚያ «ልጅ እኮ ዝም ብሎ ያወራል» ብለው አንድ ጣሳ ቡና በፌስታል ሰጡኝ። በየቱ እንደሰፈሩት አልጠየቅኩም።

ሰዓት ቀረ። እኛ የቀኑን ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፣ ስልኩ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት። ጠዋት 2 ሰዓት ስንገባ ስልኩ 8:00 ይላል። ልጆቹ ይሄ ቶሎ ገባቸው። ሩብ ሰዓት? «15 ደቂቃ!» ግማሽ ሰዓት? «30!» ደስ ብሎኝ ቾኩን ላስቀምጥ ስል አንዱ «ቲቸር፣ ‹ደረስኩ›ስ ስንት ደቂቃ ነው?» አለ። አባቱ ስልኩን ያነሳና «ደረስኩ፣ አጂፕ ጋ ነኝ» ይላል አሉ። ከዚያ ካልሲውን መፈለግ ይጀምራል።

ለዚህ መልስ ስላልነበረኝ ለቤት ሥራ ሰጠሁት።

ዕቅድ ሰኞ ጠዋት ክፍል ሳይገባ መፈረም አለበት። አምና ይህንኑ የሰዓት ሳምንት ዕቅድ ሰኞ 1:45 ላይ ለአለቃዬ ወሰድኩ። «አሁን መጣሁ» ብለው ወጡ። ሐሙስ ተገናኘን። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ «ሰዓትን በደንብ ነው የያዝከው» አሉኝ፣ ፈረሙ፣ ከፊርማው ሥር የሰኞን ቀን ጻፉ።