ማስተካከያ፦ «የጽጌረዳዋ ስም» ከእውነተኛ ብራና የተቀዳ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ለለገጣፎው የንባብ ማኅበራችን ባዘጋጀሁት ወረቀት፣ የጣሊያናዊው ደራሲ የኡምቤርቶ ኤኮ ልቦለድ «የጽጌረዳዋ ስም» አድሶ የተባለ የ14ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ ከጻፈው ብራና የተተረጎመ ነው ብዬ ነበር። ስህተት ነው። አድሶም ብራናውም የደራሲው ፈጠራ ናቸው። ብራናው እንዴት እንደተገኘ የሚተርከው መግቢያ ራሱ የልቦለዱ አካል ነው፤ እኔ እንደ ታሪክ ማስረጃ ወሰድኩት። ያረጋገጥኩት መጽሐፉን እንደገና በማንበብና ደራሲው ስለ አጻጻፉ ካሳተመው ማስታወሻ ነው።

ኤኮ የመካከለኛው ዘመን ምሁር ነበር፤ በ1954 በቱሪን የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ፈላስፋ ቶማስ አኩዊናስ ስለ ውበት ባለው አስተሳሰብ ላይ ነው። ልቦለዱ በጣሊያንኛ የወጣው በ1980 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር)። ፈጠራውን ከእውነቱ ጋር የሰፋበት ክር በቀላሉ አይታይም። በልቦለዱ ውስጥ ያለው የቤተ ክርስቲያን የመናፍቃን መርማሪ በርናርድ ጊ በታሪክ የነበረ ሰው ነው። አርስቶትል ስለ ኮሜዲ ጻፈው የሚባለው መጽሐፍም ዛሬ በእጃችን የለም፤ ታሪኩ በሚፈጸምበት ገዳም ቤተ መጻሕፍት መገኘቱ ግን ልቦለድ ነው።

ሌላም አለ። ታሪኩ በሚፈጸምበት በ1327 እኛ ጋ የነገሡት ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ብያለሁ። የታሪክ መጻሕፍት እንደሚያሳዩት አፄ ዓምደ ጽዮን ናቸው፤ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት በ1434 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ስቻለሁ።

ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ያደረጋችሁ ሁለተኛውን አንቀጽ ሰርዙት። «ብራናው አሁን የት ይገኛል?» የሚለው 3ኛው የመወያያ ጥያቄም ወጥቷል። እሱን ፍለጋ ሁለት ምሽት ኢንተርኔት ላይ ያመሸኸው ወንድማችን፣ ይቅርታ። የታረመው ወረቀት ከነገ ጀምሮ ቡና ቤቱ ባንኮኒ ላይ ይገኛል።