ጥር 5 ወይስ ጥር 19? ምረጪ ተባልኩ

አሁን ነው የገባሁት። አራት ፎቅ ወጥቼ፣ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ነው የምጽፈው። እግሬ አብጧል። ቁርስ ከበላሁ ስድስት ሰዓት አልፎኛል። ግን ይሄ ነገር መጀመሪያ ካልወጣልኝ እህል አይወርድልኝም።

በኦፕራሲዮን ልወልድ የተያዘልኝ ቀን፣ ጥር 12፣ የለም ተባልኩ። በቃ የለም።

ከመጀመሪያው ጀምሮ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። ሦስተኛውም በኦፕራሲዮን እንደሚሆን ገና በሦስተኛ ወሬ ተነግሮኛል። ዶክተሩ አስቀምጠው አስረዱኝ። ሁለት ጊዜ የተሰፋ ማህፀን ምጥ ሲይዘው ጠባሳው ላይ ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ምጥ ሳይጀምረኝ መግባት አለብኝ። ግን ተቸኩሎም አይሆንም። ከ39 ሳምንት በፊት ያለ ምጥ የወጣ ልጅ ሳንባው ውስጥ ያለው ውሃ በደንብ ስለማይወጣለት የመተንፈስ ችግር ይበዛበታል። «39 ሳምንትሽ ጥር 12 ይሞላል። ማክሰኞ ነው፣ የኔም የኦፕሬሽን ቀን ነው፣ እሱን ያዢ» አሉኝ። በገዛ እጃቸው ካርዴ ላይ ጻፉት። ያንን ካርድ አምስት ወር ሙሉ በቦርሳዬ ይዤው ዞሬያለሁ።

ዛሬ ጥር 1 ነው። ዛሬም ቢሆን የሄድኩት በቀጠሮዬ ቀን አይደለም። የክትትል ቀጠሮዬ ታኅሣሥ 29 ነበር። አዎ፣ የገና ዕለት! ቀኑን የጻፉልኝ እነሱው ናቸው። ያኔ ማንም ካላንደር አላየም። ኋላ ደውለው «በዓል ስለሆነ ዓርብ ነይ» አሉኝ። እሺ አልኩ። በግ ታርዶ፣ ቤቱ እንግዳ ሞልቶ፣ ሁለት ቀን ወዲህ ወዲያ ብዬ ዛሬ ሄድኩ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደርሼ 5 ሰዓት ላይ ተጠራሁ። አልትራሳውንዱ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዴ ልጁም ጠባሳው ላይ አልተጣበቀም። ዶክተሩ ዛሬ አልነበሩም፣ ያዩኝ ሌላ ናቸው። «ቀጠሮ ጋ ሄደሽ የኦፕሬሽን ቀንሽን አረጋግጪ» ብለው ላኩኝ።

ቀጠሮ የምትሰጠዋን ልጅ ግን በሕይወቴ አልረሳትም።

«እናት፣ 12 አይሠራም።»

«ለምን?»

«ጥምቀት ነዋ።»

«ጥምቀት 11 ነው። ሰኞ። 12 የሥራ ቀን ነው።»

«12 ሚካኤል ነው። ማንም አይገባም።»

ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ስልኳ ላይ የሐበሻ ቀሚስ እየመረጠች ነበር። ጥለቱ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። ካርዱን አወጣሁና ፊቷ አስቀመጥኩት። ዶክተሩ ራሳቸው ናቸው የጻፉት አልኳት።

«ዶክተር ጎንደር ይሄዳሉ። ከ9 እስከ 17 የሉም።»

«ሌላ ዶክተርስ የለም?»

«ተረኛ አለ። ተረኛ ድንገተኛ ብቻ ነው የሚሠራው።»

«እሺ፣ 8 ዓርብ ይሁን።»

«8 ሞልቷል። የ12ቱን ሰዎች ወደዚያ አዙረናል።»

የ12ቱን ሰዎች! እኔስ የ12 ሰው አይደለሁም? «ለኔ ለምን አልደወላችሁም?» ስላት «ስልክሽ አይሠራም ነበር» አለችኝ። ስልኬ እጄ ላይ ነው። ለገና ቀጠሮውን ሲያዛውሩ ያገኙኝ በዚሁ ቁጥር ነው።

«አሁን ያለው ጥር 5 ነው። ካልሆነ ጥር 19። ምረጪ።»

አስቡት። ጥር 5 ማለት የፊታችን ማክሰኞ፣ ገና 38 ሳምንት። ጥር 19 ማለት 40 ሳምንት ሙሉ። ዶክተሩ አይሆንም ያሉኝ ሁለቱም ነገር ነው የቀረበልኝ። አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለኔ። እንደ ሽንኩርት ከዚህ ወይ ከዚያ መደብ ምረጪ ተባልኩ።

«እስከ 19 ስጠብቅ ምጥ ቢመጣብኝስ?» አልኳት። ድምፄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር።

«ከመጣብሽማ በድንገተኛ ትገቢያለሽ። እንደውም ቶሎ ይሠራልሻል።»

እንደውም ቶሎ!

ይሄ ሁሉ አንሶ ጨመረችልኝ። «እናት፣ ነፍሰ ጡር አንቺ ብቻ አይደለሽም እኮ። ደግሞ እናንተ ምጥ እየፈራችሁ ኦፕራሲዮን ትላላችሁ፣ ከዚያ ቀን ታማርጣላችሁ።»

ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሁሉም ሰምቷል። አንዷ ሳቀች። እኔ ምጥ ፈርቼ? በመጀመሪያ ልጄ 19 ሰዓት አምጫለሁ። ማርያም ማርያም እየተባለልኝ፣ ግድግዳ ስቧጥጥ አድሬ፣ በመጨረሻ የልጁ የልብ ምት ሲወርድ ነው እየተሯሯጡ ያስገቡኝ። ይሄን ለሷ ማስረዳት ነበረብኝ? በመስኮት? ሰው ሁሉ እየሰማ? አፌ ተሳሰረ። አሁን ሶፋ ላይ ሆኜ መልሱ ሁሉ ይመጣልኛል።

መጨረሻ ላይ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ለማንኛውም ሰኞ ባልሽን ይዘሽው ነይ፣ ከሱ ጋር እንነጋገራለን።»

ባሌን እወደዋለሁ። ግን የሚቀደደው የሱ ሆድ አይደለም። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ። ደመወዝ አለኝ፣ ቅድሚያ ክፍያውንም ከገዛ ደብተሬ አውጥቼ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡን ሲቀበሉኝ ባልሽን ይዘሽ ነይ ያለኝ የለም።

ከሰልፉ አንዲት እናት ተነሡና እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አሉኝ። እስከዚያ ችዬው ነበር። ያን ጊዜ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

እንዲህ የሚያቃጥለኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም። የሁለተኛው ልጄም ቀን በበዓል ምክንያት እንዲቀድም ተደርጓል። ያኔ ፋሲካ ነበር። «ከሕማማት በፊት እንጨርስልሽ» አሉኝ፣ ሌላ ቦታ፣ ሌሎች ሰዎች። እኔም ሞኝ ነበርኩ፣ ለበዓል ቤቴ እገባለሁ ብዬ ደስ አለኝ። በ37 ሳምንት ከአራት ቀን ወጣ። አለቀሰ፣ እልል አልን። ከዚያ ማቃሰት ጀመረ። ትንሽዬ አፍንጫው ስትነፋና ስትኮማተር አየኋት። ይዘውት ሮጡ። አራት ቀን ማሞቂያ ውስጥ ኦክስጅን ተደርጎለት ተኛ። እኔ ስፌቴን ይዤ፣ ግድግዳ እየተደገፍኩ፣ በየሦስት ሰዓቱ ጡቴን አልቤ የመርፌ ጫፍ የምታክል ወተት አደርስለት ነበር። እንዳቅፈው የተፈቀደልኝ በአምስተኛው ቀን ነው። ዛሬ ደህና ነው፣ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ግን ያንን የማቃሰት ድምፅ ጆሮዬ አልረሳውም። እና አሁን በመስኮት «ጥር 5» ይሉኛል።

ያኔ ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ምንም አትቅመሺ ተብዬ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ስለቆየ የገባሁት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። አሥራ አምስት ሰዓት ሙሉ! ውሃ እንኳን። ንጹህ ውሃ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ እንደሚፈቀድ የሰማሁት ከወለድኩ ከዓመት በኋላ ነው። ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ደም ወጥቶት ነበር። አንድም ሰው «ይቅርታ፣ ቆይተናል» አላለኝም።

ጥር 19ስ? የመጀመሪያዋን ስወልድ ሌሊት ላይ ድንገት የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ፣ 39 ሳምንት ከሁለት ቀን ላይ። ይሄኛው ያንኑ ቢያደርግ ጥር 14 ላይ ነው። ትንሽ ቢቸኩል ደግሞ ከተራ ላይ ይሆናል። ከተራ ዕለት ከኮዬ ፈጬ ተነሥቼ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቃሊቲ አድርጌ ሐኪም ቤቱ ድረስ እንዴት ነው የምደርሰው? መንገዱ በየሰፈሩ ለታቦት ይዘጋል። ይዘጋ! መዘጋትም አለበት። እኔ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እየተባለ ያደግኩ ሰው ነኝ። ታቦቱ ሲያልፍ ነጠላዬን አጣፍቼ መሬት የምስም ነኝ። በዓሉን የምጠላ አስመስሎ የሚያወራብኝ ሰው እንዳይኖር። ዶክተሩም ጎንደር ይሂዱ፣ ደስ ይበላቸው፣ ዓመት ሙሉ ሲለፉ አይቻለሁ። ግን ጥምቀት ጥር 11 እንደሚውል ቀኑን ሲጽፉልኝም ይታወቃል። በየዓመቱ ጥር 11 ነው! እንደ ፋሲካ አይዞርም። አምስት ወር ሙሉ አንድ ሰው ተቀምጦ «በእነዚህ ቀናት ማን ይተካል?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

በኮዬ ደግሞ ሌሊት መኪና ማግኘት ራሱ ሌላ ብሶት ነው። በስልክ ትጠራላችሁ፣ ሾፌሩ «የት ነሽ?» ይላል፣ ኮዬ ስትሉት ጥሪውን ይሰርዘዋል። ባለፈው ልጄ ሲያተኩሰው ሦስቱ ተራ በተራ ሰርዘውብኛል። የቀይ መስቀሉን 907 ስልኬ ላይ መዝግቤ፣ የጎረቤታችንንም ባለመኪና ለምኜ አስቀምጫለሁ። ብሎካችን ሊፍት የለውም። ሌሊት ላይ በምጥ አራት ፎቅ ስወርድ ይታየኛል፣ ጠባሳዬ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተሰፋ።

ቤት ውስጥም ሁሉም የየራሱ ቀን አለው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ቅቤዋንና የገንፎ ዱቄቷን አዘጋጅታ ቁጭ ብላለች፣ «ልምጣ ወይስ ልቆይ?» ትላለች በቀን ሁለቴ። አማቴ 21 አስተርዮ ማርያም እስኪሆን ታግሠሽ ብትወልጂ ምን አለበት ይሉኛል፣ በፍቅር ነው፣ ክፋት የላቸውም። ትልቋ ልጄ ደግሞ ትላንት «ሕፃኑ ከታቦቱ ጋር ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። እሷን ብቻ ነው አቅፌ የሳቅኩላት።

ባሌም ጭንቅ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አባት ሲወለድለት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ነው። ሦስት ቀን! ሚስት ሆዷ ተቀዶ ተሰፍታ፣ ቤት ሁለት ልጅ አለ፣ ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፣ ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን ይሸከማል? ስለዚህ የዓመት ፈቃዱን ጥር 12 ላይ አስይዞ፣ ተተኪ ተገኝቶለት፣ አለቃው ፈርሞ ጨርሷል። አሁን ሄዶ «ተቀየረ» ሊል ነው። ወደ መቼ እንደተቀየረ ሲጠይቁት ምን ይመልሳል?

ማታ ሲገባ እነግረዋለሁ። «ተረጋጊ፣ ለልጁ ጥሩ አይደለም» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ለልጁ ጥሩ ያልሆነው የኔ ንዴት ሆነ አሁን።

ዶክተሩ ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ጽሑፍ ላኩላቸው። እስካሁን መልስ የለም። እሳቸው ይሄን እንደማያውቁ ልቤ ይነግረኛል። ቢያውቁ ኖሮ ቢያንስ ለሌላ ሐኪም በስሜ ያስተላልፉኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። አለዚያ ደግሞ ያውቃሉ፣ እና ያኔ ምን እንደምል አላውቅም።

ሰኞ እሄዳለሁ። ባሌን ይዤ አልሄድም። ካርዴን ይዤ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ መስኮቱ ጋ ሳይሆን ኃላፊው ቢሮ ነው የምገባው። 39 ሳምንት የሚሞላው 12 ላይ ነው፣ በ12 ወይም በ13 የሚያዋልደኝ ሐኪም ስጡኝ፣ ከሌላችሁም ሪፈር ጽፋችሁ ቅድሚያ ክፍያዬን መልሱልኝ፣ ሌላ ቦታ ልሂድ እላለሁ። እንደ ዛሬው አፌ እንዳይተሳሰር ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ሪፈሩን ይዤ ሌላ ቦታ ለማግኘት ከሰኞ ጀምሮ ያለኝ ጊዜ ስምንት ቀን ነው፣ በዚያ ላይ ቅዳሜና እሑድ አለበት። አዲሱ ቦታስ ጥምቀት የለበትም? ይሄን ሳስብ እንደገና ጉልበቴ ይከዳኛል።

የሚገርማችሁ፣ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል። የሕፃኑ ልብስ ታጥቦ ተተኩሷል። ቦርሳው በር ላይ ነው። የቀረው ደም ብቻ ነው። ሁለት ከረጢት ይዘጋጅ ተብዬ ምትክ የሚሰጡ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ። ባሌ ኅዳር ላይ ለግሶ ሦስት ወር ስላልሞላው አይችልም። ወንድሙ ለ12 ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር፣ እሱም አሁን የትኛውን ቀን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ግራ ገብቶታል። በኮዬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላን ዙሪያ ያላችሁ፣ ከለገሳችሁ ሦስት ወር ያለፋችሁ፣ ለጥምቀት ከተማ የማትወጡ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። የደም ዓይነታችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ምትክ ስለሆነ ችግር የለውም። ቀኑን እንደነገሩኝ እነግራችኋለሁ።