ዕድራችን ከሞት በፊትም ይድረስልን

ባለፈው ክረምት ከሰፈራችን አንድ ሰው ቀበርን። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነበር። ማታ እራቱን በልቶ፣ ከልጆቹ ጋር ዜና አይቶ ተኛ። ሌሊት ላይ ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አፉም ተያያዘ። ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ዕድራችን እንደ ወጉ ፈጥኖ ደረሰ። ጎረምሶቹ ድንኳኑን ተከሉ፣ አግዳሚውን ደረደሩ፤ ሴቶቹ ንፍሮውን ቀቅለው ቡናውን አፈሉ። ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሲደጋገም የሰማሁት አንድ ነገር ነው፦ «ጤነኛ እኮ ነበር! ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም።»

በኋላ ከቤተሰቡ እንደሰማነው፣ ደም ግፊቱን በሕይወቱ አንድም ቀን ተለክቶ አያውቅም። ስላላመመው ሐኪም ቤት የሚሄድበት ምክንያት አልታየውም። ይህን የምጽፈው ሟቹን ለመውቀስ አይደለም። እኔም አርባ ስድስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ተለክቼ አላውቅም ነበር። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። ሐኪም ቤት የሚኬደው ሲታመሙ ነው ብለን ነው ያደግነው፤ ሳያመው የሚመረመር ሰው በሽታ ፈልጎ የሄደ ይመስለናል።

እኔ የምለው ይህን ነው። ስንሞት ለመቀባበር በየወሩ የምናዋጣ ሰዎች፣ ያለ ጊዜያችን እንዳንሞት ለመጠባበቅም አብረን መቆም እንችላለን። ቦታውም ሌላ ሳይሆን ይኸው ዕድራችን ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ሰው። ደም ግፊት ግን ራሱ ከሰው የሚደበቅ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ራስ አያሳምም፣ አያዞርም፣ እንቅልፍ አይነሳም። «ራሴን ካላመመኝ ግፊት የለብኝም» የሚለው አባባል ስንቱን ሰው እንዳዘናጋ እግዜር ይወቀው። ግፊቱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ የደም ሥሮችን ያደድራል፣ ልብን ከአቅሟ በላይ ያሠራል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ከዚያ አንድ ሌሊት አንጎል ውስጥ ያለ ሥር ይዘጋል ወይም ይፈነዳል። እኛም «ድንገተኛ» እንለዋለን። ነገሩ ግን አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሲዘጋጅ የኖረ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከፍተኛ ግፊት ካለባቸው ጎልማሶች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። ከአምስቱ አራቱ ደግሞ በበቂ ሁኔታ አይታከሙም። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ከመቶው 16 ያህሉ ከፍተኛ ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ከስድስት ሰው አንዱ እንደማለት ነው። በዕድራችን ድንኳን አንድ አግዳሚ ላይ ስድስት ሰው ይቀመጣል።

መከላከል ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር፣ ብዙዎቹ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ተሰማሩ። በየቤቱ እየዞሩ መጸዳጃ አስቆፈሩ፣ አጎበር አሰቀሉ፣ ሕፃናት አስከተቡ። ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነሱን ዓለም አቀፍ ግብ ኢትዮጵያ ከቀነ ገደቡ ቀድማ ያሳካችው በዚህ ዓይነት ሥራ ጭምር ነው። በየደጃችን የተንኳኳው ግን ስለ ልጆቻችንና ስለ እናቶች ነበር። የሃምሳ ዓመቱን አባወራ በር ማንም አላንኳኳም። እሱም በሥራ ሰዓት ቤቱ የለም። በወር አንድ ጊዜ ሳይቀር የሚገኝበት አንድ ቦታ አለ፤ የዕድር ስብሰባ። ቢቀር ይቀጣላ!

ዕድር ከቀብር ያለፈ ሥራ ሠርቶም ያውቃል። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን፣ ድንኳኑ ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ በማግሥቱ ሌላው ደጅ ሲተከል፣ ብዙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው የታመሙትን መጠየቅና መርዳት፣ ወላጅ የሞቱባቸውን ልጆች መደገፍ ጀምረው ነበር። ያኔ ያንን ያደረገው ተራ ሰው ነው፤ ዛሬም ያው ሰው አለ።

ከዚያ ቀብር በኋላ በነበረው ወርሃዊ ስብሰባችን፣ እዚሁ ሰፈር የምትኖር አንዲት ነርስ የራሷን መለኪያ ይዛ መጣች። ክንድ ላይ የሚታሰረውን፣ በባትሪ የሚሠራውን ዓይነት ነው። ጥግ ላይ ጠረጴዛና መደገፊያ ያለው ወንበር አስቀመጠች። የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አደረገች። እግር ማነባበር የለም፣ ወሬ የለም፤ ቡና የጠጣ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ሰው ሁሉ ወንበሩን በሩቁ እያየ ሲያመነታ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት በልጅ ልጃቸው ግፊት ቀረቡ።

«ምን ሊወጣልኝ ልጄ? እኔ እኮ ምንም አላመመኝም» አሉ፣ ክንዳቸውን ከነጠላቸው ሳያወጡ።

«ሳያምዎት ነው እማማ የምንለካው። ሲያምዎትማ ዘግይተናል።»

መለኪያው ክንዳቸውን ጭምቅ አድርጎ ቀስ እያለ ለቀቀ። 178 በ104። ነርሷ ቁጥሩን ጮክ ብላ አልተናገረችም፤ ወረቀት ላይ ጻፈችው። ትንሽ አቆይታ ደግማ ለካች፤ 174 በ102። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ነገረቻቸውና ወረቀቱን አጥፋ እጃቸው ላይ አስቀመጠች። በማግሥቱ ከልጃቸው ጋር ጤና ጣቢያ ሄዱ። የዚያን ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ የተላኩት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። እኔም 146 በ92 ወጣልኝ። በሌላ ቀን ተመልሼ ስለካም ከ140 በ90 አልወረደም፤ ሐኪሞች ከፍተኛ ነው የሚሉት በተለያየ ቀን ተለክቶ ከዚህ ልክ ካልወረደ ነው።

የዚያን ዕለት አንድ አዛውንት የተናገሩትን ነገር ብዙ ሰው ሲል እሰማለሁ። «አባቶቻችን ጨውም ቅቤም በልተው ዘጠና ዓመት ኖረዋል፤ ይሄ ሁሉ የዘመኑ ወሬ ነው።» ዘጠና የደረሱ አባቶች እንደነበሩን እውነት ነው፤ ቅቤውን የበሉት ግን አርሰው፣ ቆፍረው፣ ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ተጉዘው ነው። ኑሮው ሲለወጥ ምን እንደሚከተል በገዛ ወገኖቻችን ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል። ከእነሱ በፊትም በሱዳን በኩል የተሻገሩ ነበሩ። ሲደርሱ በአብዛኛው ቀጫጭን፣ ተራራ መውጣትና መውረድ የለመዱ፣ የስኳር በሽታን እምብዛም የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። እዚያ ከገቡ በኋላ እግር በአውቶቡስ፣ እንጀራ በነጭ ዳቦ፣ ውኃ በለስላሳ ተተካ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የስኳር በሽታ በመካከላቸው ተስፋፋ። የእስራኤል ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉበት ጉዳይ ነው። ደማቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ውሏቸውና ማዕዳቸው ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሆነን የምንኖረው ያንኑ ለውጥ ነው፤ አውሮፕላን አልተሳፈርንም እንጂ።

ስለዚህ ወደ ጓዳ እንግባ። ጨው ስንት ጊዜ እንደምንጨምር ቆጥረን እናውቃለን? በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ሽሮው ሲመጠን ይገባበታል። ወጡ ሊወጣ ሲል ተቀምሶ ይጨመራል። ገበታ ላይ ሚጥሚጣ ይቀርባል፤ እሱም ጨው አለው። አራት ጊዜ! የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃል ይላል። ቅድም ያነሳሁት የ2015ቱ ጥናት ያገኘው የእኛ አማካይ ግን ከ8 ግራም በላይ ነው። ባለቤቴ ዘንድሮ በርበሬ ስታስፈጭ ጨው አላስገባችም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወጡ አልጥም አለኝ፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ምላስ ግን ይለምዳል። አሁን ሰው ቤት ስበላ ጨው የሚበዛብኝ እኔ ነኝ።

ቡናም እንዲሁ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዱ በሁለት ማንኪያ ስኳር ከተጠጣ ስድስት ማንኪያ ሆነ። ያው ድርጅት ቢቻል በቀን ባናልፈው የሚለው ልክ ይህንኑ ያህል ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ከሰባት ማንኪያ በላይ ስኳር ይዟል። እኛ ደግሞ ሐዘንተኛውን የምናጽናናው፣ እንግዳውን የምናከብረው በለስላሳ ሆኗል።

የሚያሳዝነኝ፣ ጥሩ ምግብ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የማያስፈልገን ሕዝብ መሆናችን ነው። የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን ከየትኛውም አገር የምግብ ባለሙያ ፊት ብናቀርበው የሚመሰገን ማዕድ ነው። የጾም ምግባችንን የሚያበላሸው ዘይቱ ነው፤ ያውም የሚረጋው ዘይት። ፈሳሹን ለመግዛት አቅም እንደሚያጥር አውቃለሁ፤ የዘይት ዋጋ የማያስጨንቀው ቤት ጥቂት ነው። ግን ሽንኩርቱን በመጠኑ ውኃ አቁላልቶ ዘይቱን በግማሽ መቀነስ ወጪም ይቀንሳል።

ስፖርትን በተመለከተ አንድ ችግር አለብን። የአበበ ቢቂላና የኃይሌ ገብረ ሥላሴ አገር ስለሆንን መሰለኝ፣ ስፖርት ስንባል በባዶ እግር ማራቶን ማሸነፍ ወይም በማለዳ መስቀል አደባባይ ላይ ላብ በላብ መሆን ይመስለናል። የሚመከረው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፤ ለአምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ደርሶ መመለስ ያንን ያህል ይሆናል። አሁን በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። ልማቱ የነባር ሰፈሮችን ዕድር እንደበታተነም እናውቃለን፤ የሄዱት ጎረቤቶቻችን ይናፍቁናል። መንገዱ ግን ተሠርቷልና እንሂድበት። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድም ስፖርት ነው።

በዕድራችን ሐሳቡ ሲነሳ የገጠመን የመጀመሪያው ጥያቄ «የቀብር ገንዘብ ለሌላ ነገር አይነካም» የሚል ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ የአደራ ነው። አንድ መለኪያ ግን የድንኳናችንን ሸራ ለማሳደስ ካወጣነው ጋር እንኳ የሚወዳደር አይደለም፤ በየዓመቱ የሚገዛም አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ ምስጢር ነው፤ ይህ የበለጠ ያሳስበኛል። የሰው ቁጥር ድንኳን ውስጥ ወሬ ከሆነ ማንም ሁለተኛ አይመጣም። ነርሷ ያደረገችው ትክክል ነው፦ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ለባለቤቱ ብቻ ይሰጣል፣ ዕድሩ መዝገብ አይዝም፣ የሚለካውም የሠለጠነ ሰው ነው። ዕድር ክሊኒክ አይሆንም፣ መድኃኒትም አያድልም። ሥራው ለክቶ ጤና ጣቢያ መላክና «ሄድክ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህ «ሄድክ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ዋናው ነገር ይመስለኛል። መድኃኒት ጀምሮ ሁለት ወር ሲሻለው የሚተው ብዙ ነው። የተሻለው መድኃኒቱን ስለዋጠ መሆኑን የሚያስታውሰው ጎረቤት ያስፈልገዋል። ጸበል ለመጠመቅ ሲል የሚተውም አለ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ጊዜ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃረን በይፋ ተናግረው ነበር። ለግፊትና ለስኳር ክኒንም ይኸው ይሠራል፤ የንስሐ አባቶችም የመስጊድ ኢማሞችም ቢያግዙን ቃላቸው ከእኛ ቃል ይልቅ ይሰማል።

የሴቶቹ ዕድር ደግሞ ከእኛ የተሻለ ዕድል አለው። የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ካንሰር ሳይሆን ገና ሊታይና ሊታከም የሚችል ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ላሉ ሴቶች ምርመራው በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ። ክትባቱም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው። ብዙ ሴት ግን ብቻዋን ለመሄድ ታፍራለች። አምስት ስድስት ሆነው ለቅሶ እንደሚደርሱት፣ ለምርመራውም አምስት ስድስት ሆነው ቢሄዱ እፍረቱ ይቀላል።

የዕድራችን ጸሐፊ ለመጪው ወር ስብሰባ ያዘጋጁትን አጀንዳ አይቼዋለሁ። ከወርሃዊ መዋጮና ከአግዳሚ ጥገና ቀጥሎ ሦስተኛው ተራ ላይ «የግፊት መለኪያ ግዥ» ይላል። እማማም የጤና ጣቢያ ካርዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የሚመጡት። ባለፈው እሑድ 136 በ84 ሆኖላቸዋል። ለሚጠይቃቸው ሁሉ ቋጠሮውን ፈትተው ያሳያሉ።