ማንጎ በ2,400 ሜትር ላይ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በለገጣፎ አቅጣጫ፣ አዲስ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው አጥሩን አጥሮ፣ በሩን ቀለም ቀብቶ፣ ሮቶውን ማማ ላይ ካወጣ በኋላ ዐይኑ በግቢው ባዶ መሬት ላይ ያርፋል፤ ከዚያም የሰፈሩን ነባር ነዋሪ ፈልጎ «ለጀማሪ የሚቀለው ምን ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። በቅርቡ ከጎኔ የገባው ወጣት ጎረቤቴም «ጋሼ፣ እርስዎ ልምድ አለዎት፤ እባክዎ ቀላሉን ይንገሩኝ» አለኝ። እኔም ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ብዬ ነገርሁት። በጥሞና ሰማኝ፤ ከልቡ አመሰገነኝም። በማግስቱ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ዘንድ የማንጎ፣ የፓፓያና የፖም ችግኝ በባጃጅ ጭኖ መጣ።

ምክር ጠይቆ አለመቀበል የማንም ሰው መብት ስለሆነ በዚያ አልተቀየምሁም። የቆረቆረኝ ቀላሉን ጠይቆ፣ ከከባዱም አልፎ፣ ጨርሶ የማይሆነውን መርጦ መግዛቱ ነው። ማንጎ የቆላ ዛፍ ነው፤ በአርባ ምንጭና በአሶሳ ሙቀት ቅርንጫፉ እስኪጎነበስ ያፈራል። እኛ የምንኖረው ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት ሰፈር ነው። እዚህ ማንጎን ጋቢ ቢያለብሱት እንኳ አያፈራም። የፓፓያውም ዕጣ ከዚህ የተለየ አይሆንም። ፖም በርግጥ ደጋ ይወዳል፤ የጨንቻ ሰዎች በጋሞ ተራሮች ላይ ያለሙታል። ይሁን እንጂ አብዛኛው የፖም ዝርያ ከሌላ ዝርያ አበባ ብናኝ ካላገኘ ፍሬ አይዝም፤ ጎረቤቴ የገዛው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ይህንኑ ብቸኛ ፖም ከሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት ተክሎ ዙሪያውን ኖራ በተቀባ ድንጋይ አስጊጦለታል።

ጥፋቱን በችግኝ ሻጩ ላይ መደፍደፍ ይቀናኛል። ሻጩን በጥቁር ላስቲክ ስለያዘው ችግኝ ምንም ብትጠይቁት «በሁለት ዓመት ያፈራል» ይላችኋል። ሎሚው ሁለት ዓመት፣ አቮካዶው ሁለት ዓመት፣ ማንጎውም ሁለት ዓመት ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ እንደሚያስጠብቅ፣ የተዳቀለው እንኳ ሦስት አራት ዓመት እንደሚፈልግ ሻጩ ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ገዢውም ቢሆን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ አይደለም። ሁለቱም የሚተማመኑት በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱ ዓመት ሲሞላ መንገዱ ይሰፋል፣ ሻጩም ቦታውን ይለቅቃል፣ የሚጠይቅም የሚጠየቅም አይኖርም።

ዘመኑም ቢሆን ለተካዩ ያደላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በይፋ ከተነገረ ወዲህ መትከል የክብር ሥራ ሆኗል፤ ሰው ሁሉ ጉድጓድ አጠገብ ተንበርክኮ ፎቶ ይነሣል። በጥር ፀሐይ የዕቃ እጣቢ በባልዲ ይዞ ወደዚያው ችግኝ የሚመላለሰውን ሰው ግን ፎቶ የሚያነሣው የለም። በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ የሚመጣ በመሆኑ ይህ ሁለተኛው ሰው በቁጥር እጅግ አነስተኛ ነው፤ የዛፉ ዕድሜ ደግሞ የሚወሰነው በእርሱ ነው።

ጎረቤቴ ጎመን ያልተከለው ስለሚያፍርበት ነው። እንግዳ ሲመጣ በግቢው እያዞሩ «ይህ ፖም ነው፣ ያ ማንጎ ነው» ማለት ያኮራል፤ «ይህ ጎመን ነው» ማለት ግን የባለቤቱን ደመወዝ ጥያቄ ውስጥ ያስገባል። ለዚህ ንቀት መሠረት የጣሉት አባቶቻችን መሆናቸውን ስናገር በድፍረት አይቆጠርብኝ። ክረምቱን ሙሉ ጎተራው ተሟጦ ልጅ አዋቂው በጎመን ይከርማል፤ መስከረም ጠብቶ እህሉ መድረስ ሲጀምር «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ተብሎ ባለውለታው ከነምንቸቱ ይባረራል። ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በክፉ ቀን ያቆየን ነገር በደግ ቀን እንዲህ ከተዋረደ፣ ገንፎውስ በምን ዋስትና ነው የገባው? እኔ የምወደው «ጎመን በጤና» የሚለውን ነው፤ እርሱም ቢሆን ጠጋ ብለው ሲያጤኑት ምስጋናውን የሚሰጠው ለጤናው ሲሆን፣ ጎመኑን የሚጠራው ለመታገሥ ብቻ ነው።

የሐበሻ ጎመን ግን እንዲህ የሚናቅ ዘር አይደለም። ተመራማሪዎች መገኛው ይኸው የእኛው ደጋ መሆኑን ይገምታሉ። ገንፎ ወዳዱም ሰው ቢሆን የሚበላው እንጀራ የተጋገረው በጎመን ዘር በታሰሰ ምጣድ ላይ ነው። ድንችን እንኳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ወደ አገራችን አስገብቶት ሳለ፣ «የድንች ምንቸት ውጣ» ያለው ሰው የለም። ለእንግዳ የምናሳየውን አክብሮት ለቤተኛው መንፈጋችን በአትክልት ላይም ተጋብቷል። ጎመን በበኩሉ ቂም አይዝም፤ ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ነቅለው መደብ ላይ ቢያዛውሩት፣ ብዙም ሳይቆይ ለምግብ ይደርሳል። የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠቡ ጫፉን ካልነኩበት ለወራት ይሰጣል፤ ጥቂቱን ትተው ቢያስዘሩትም የሚቀጥለውን ዓመት ዘር በነጻ ያስረክባል።

ስለዚህ የሚቀለውን ለሚጠይቀኝ ሰው ከእንግዲህ የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ምግብ ቤት ገብቶ በያይነቱ ይዘዝ። ሽሮውንና ምስሩን ለገበሬው ትቶ የቀረውን በትኩረት ይመልከት። ጎመን አለ፤ ቆስጣ አለ፤ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ድንችም አሉ፤ በጥጉ ደግሞ ሰላጣ አለ። ይህ ሁሉ በእኛ ብርድ የሚበቅል ነው። ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ቆስጣም የውጭውን ቅጠል እየቆረጡ ልቡን ከተዉለት እንደ ጎመን ደጋግሞ ይበላል። ቀይ ሥር ሁለት ወር ተኩል አካባቢ ይፈልጋል፤ ቅጠሉም ተቀቅሎ ይበላል። ጥቅል ጎመንን ትል ስለሚወድደው ለሁለተኛው ዓመት ማቆየት ይሻላል። ሰላጣው ላይ የተከተፈው ቲማቲም ግን ከመቂና ከዝዋይ ሙቀት የመጣ ነው። እዚህ በክረምት ዝናብ የተከለው ሰው ቅጠሉ ጠቁሮ ሲረግፍ ለማየት ይበቃል፤ በሽታው ድንችንም የሚያጠቃ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን መትከል ለበሽታው ድግስ መደገስ ነው። ቃሪያም ሙቀት ይናፍቃል።

አፈሩንም አይቶ የሚተክል ሰው አላጋጠመኝም። በከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ አብዛኛው መሬት መረሬ ነው፤ በክረምት ውኃ አቁሮ ጫማ ያስወልቃል፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚህ አፈር ላይ ካሮት የዘራ ሰው በሦስተኛው ወር የሚነቅለው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ፍጡር ነው። መደቡን ከፍ አድርጎ ማውጣት፣ በመካከሉ ውኃው የሚወርድበትን ቦይ መተው፣ በሚገባ የበሰበሰ ፍግም ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ያስፈልጋል። ትኩስ ፍግ ሥሩን ስለሚያቃጥል መቆየት አለበት። ፍጉን ከየት እናምጣ የሚሉ ጎረቤቶቼ በየማለዳው በበራቸው የሚያልፉትን ላሞች ሲያዩ የሚታያቸው የመንገዱ መቆሸሽ ብቻ ነው።

ፀሐይና ውኃ ከተነሡ የባሕር ዛፉን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ማገዶ ተሟጦ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደነበረ፣ ከተማዋንም በቶሎ በማደግ ያተረፋት ባሕር ዛፍ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚህ ውለታው ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ይሁን እንጂ ከተማ ያተረፈ ሁሉ የእኔን ቆስጣ ውኃ የመጠጣት መብት አለው የሚል ሕግ አላየሁም። ከበስተኋላዬ ያሉት ባለይዞታ በአጥሬ ጥግ የደረደሩት ባሕር ዛፍ እስከ ረፋድ ድረስ ፀሐዬን ይከለክላል፤ ሥሩ ደግሞ በአጥሩ ሥር ተሻግሮ እርጥበቱን ሁሉ ይመጥጣል። ስለዚሁ ጉዳይ ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ጠላ ጠጥተው፣ ዛፉ ለአጣና እንደደረሰ መስክረው፣ ዋጋውን ተነጋግረው ተመለሱ። የዚያን ጊዜ የተቆረጠ አጣና አንድም የለም። ጀማሪ ሆይ፣ መደብህን ከማውጣትህ በፊት ወደ መሬቱ ሳይሆን ወደ ጎረቤትህ አጥር ተመልከት።

ወደ ወጣቱ ጎረቤቴ ስመለስ፣ ማንጎው ቅጠሉ ተጠቅልሏል፤ ፓፓያው በመጀመሪያው ውርጭ አንገቱን ደፍቷል። በመካከሉ እናቱ ከገጠር ሊጠይቁት መጡና ግቢውን ዞረው ካዩ በኋላ በአጥሩ በኩል ጠርተውኝ «ወንድሜ፣ የጎመን ዘር አያጡም?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። በማድ ቤቱ ጀርባ ቆፍረው ዘሩት፤ ጎረቤቴም እንግዶቹን ወደ ፖሙ እየመራ ከዚያኛው ወገን እንዳያልፉ በዘዴ ይጠነቀቃል።

ፍራፍሬ ካልተከልሁ የሚል ሰው ካለም ደጋውን የሚችል አልጠፋም። ኮክና ፕሪም ብርዱን ይወድዱታል፤ ካዝሚርም በአዲስ አበባ ግቢዎች የታወቀ ነው፤ ትልቅ ዛፍ ስለሚሆን ግን ከቤቱ መሠረት መራቅ አለበት። ሎሚ ነፋስ በማያገኘው ግድግዳ ሥር ቢያዘግምም ይይዛል። ቦታ ለጠበበው እንጆሪ አለ፤ አፉ ሰፋ ተደርጎ በተቆረጠ አሮጌ ጀሪካን ውስጥ እንኳ ያፈራል። ጀሪካን ደግሞ በየቤቱ ሞልቷል፤ ውኃው እንዲወርድ ከታቹ መብሳት ብቻ ነው የሚቀረው።