ለይለፍ ሐረግ በግምት ነጥብ መስጠት ይቁም

የይለፍ ሐረግን (ከብዙ ቃላት የተሠራ ረጅም የይለፍ ቃልን) ጥንካሬ እንለካለን የሚሉ፣ ትዕዛዝ በጽሑፍ እየተሰጣቸው የሚሠሩ የትዕዛዝ መስመር መሣሪያዎች ትዕግሥቴን አስጨርሰውኛል። ዜድኤክስሲቪቢኤን የተባለው ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፣ ፒደብሊውስኮር የተባለው እስከ 100 ይቆጥራል፣ ክራክሊብ የተባለው ደግሞ ያልፋል ወይም አያልፍም ብሎ ይፈርዳል፤ ይህን አለመስማማት ሰው ሊለምደው ይችላል። ልለምደው ያልቻልሁት ብዙዎቹ የፊደላቱን ብዛትና ዓይነት ብቻ አባዝተው የተገኘውን ቁጥር እንደ እርግጠኛ ፍርድ ማቅረባቸው ነው።

ስሌቱን እንመልከተው። በ30 ትንንሽ የላቲን ፊደላት የተጻፈ ሐረግ ለእያንዳንዱ ፊደል 4.7 ቢት ያህል (ቢት የመገመት አስቸጋሪነት መለኪያ ነው፤ አንድ ቢት ሲጨመር የሚሞከሩት አማራጮች በእጥፍ ይበዛሉ) ይታሰብለትና 141 ቢት ገደማ ያገኛል። ሐረጉ ሕፃናት ሳይቀሩ በቃላቸው የሚያውቁት ስንኝ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ አይቀንስም። በአንጻሩ አርኖልድ ራይንሆልድ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዳይስዌር ዘዴ፣ ዳይስ (ባለ ስድስት ገጽ የዕጣ ጠጠር) አምስት ጊዜ እየተጣለ ከ7,776 ቃላት አንዱ ሲመረጥ የአንዱ ቃል ድርሻ 12.9 ቢት፣ የስድስት ቃላት ድምር ደግሞ 77.5 ቢት ገደማ ነው። ይህ ሁለተኛው ሐረግ አጥቂው የቃላቱን ዝርዝርም ሆነ የአመራረጡን ዘዴ ቢያውቅ እንኳ ይቋቋመዋል፤ የመጀመሪያው ግን የታወቁ ጥቅሶችን አሰባስቦ ለሚሞክር ሰው ብዙም ሥራ አይሆንበትም። መሣሪያው ግን ደካማውን በእጥፍ ሊጠጋ በሚችል ቁጥር ያስበልጠዋል፣ ተጠቃሚውም አምኖት ይተኛል።

ዳን ዊለር ድሮፕቦክስ በተባለው የፋይል ማከማቻ ኩባንያ ውስጥ ሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረበው ዜድኤክስሲቪቢኤን ከእነዚህ በእጅጉ የተሻለ መሆኑን መካድ አይገባም፤ የተለመዱ ቃላትን፣ ስሞችን፣ ቀኖችንና በኪቦርድ ላይ የተደረደሩ ቁልፎችን እንደ አጥቂ ይገምታል። ሆኖም አብረውት የሚመጡት የቃላት ዝርዝሮች በአብዛኛው የእንግሊዝኛ በመሆናቸው በሌላ ቋንቋ የተጻፈ የታወቀ ተረትና ምሳሌ በዘፈቀደ የተደረደረ ፊደል ይመስለዋል፤ ረዘም ያለ ከሆነም ብዙውን ጊዜ ሙሉ 4 ይሰጠዋል። እንግሊዝኛ የማይናገረው ተጠቃሚ ስለ አደጋው ምንም ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጣኝ ሐረጉን ከትዕዛዙ ጋር በአንድ መስመር ጻፉ የሚለው መመሪያ ነው። እንዲህ የተጻፈ ሐረግ በሼሉ (ትዕዛዞችን ተቀብሎ በሚያስፈጽመው ፕሮግራም) የታሪክ ፋይል ውስጥ በግልጽ ይቀመጣል፤ ትዕዛዙ በሚሠራበት ጊዜም ብዙ ሰው በሚጋራው የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ተጠቃሚ በሂደቶች (በመሥራት ላይ ባሉ ፕሮግራሞች) ዝርዝር ውስጥ ሊያየው ይችላል። ምሥጢርን ለመመዘን የተሠራ መሣሪያ ምሥጢሩን በዚህ መንገድ ማባከኑ ይቅርታ የሚያሰጥ አይደለም።

ቁጥርና ምልክት ጨምሩ የሚለው ምክርም ይቅር፤ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. መመሪያው እንዲህ ያለውን ግዴታ ትቶታል። እነዚህን መሣሪያዎች የምትሠሩ ሰዎች፣ ሐረጉን በስክሪን ላይ በማይታይ ግቤት ተቀበሉ፣ በዳይስ ወይም በኮምፒውተር የዘፈቀደ ምርጫ የተገኘ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ መልሱ «ራሴ ያሰብሁት ነው» ከሆነም ከቁጥሩ አጠገብ «ይህ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛው ግምት ነው፤ እውነተኛው ጥንካሬ እጅግ ሊያንስ ይችላል» ብላችሁ ጻፉ።