ከዴንቨር ጎን፣ ከሸገር ጎን

ኮሎራዶ ያለ ሐበሻ «የት ነው የምትኖረው?» ሲባል «ዴንቨር» ይላል። ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ኦሮራ ነው። መዋሸቱ አይደለም። ኦሮራን ሀገር ቤት ያለ ሰው አያውቃትም፣ ማስረዳቱ ደግሞ ያደክማል። ትንሽ መንደር እንዳትመስላችሁ ታዲያ። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ 386,261 ሰው ተቆጥሮባታል። ስማቸው ከገነነው ከፒትስበርግም ከሴንት ሉዊስም በሕዝብ ትበልጣለች። ግን ዴንቨር አጠገቧ ስላለች በራሷ ስም የሚጠራት የለም።

አዳማም እንዲሁ የትልቅ ከተማ ጎረቤት ናት። የሚገርመው ደግሞ ኦሮራና አዳማ በወግ በማዕረግ እህትማማች የተባሉ ከተሞች ናቸው። ከፍታቸው ራሱ ተለክቶ የተዛመዱ ይመስላል፤ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላሉ። እኔ በአንዷ አድጌ በሌላዋ ልጅ የማሳድግ ሰው ነኝ። ውጭና ሀገር ቤት ሲነጻጸሩ ሁሌ ሚዛን ላይ የሚወጡት አዲስ አበባና ዋሽንግተን ናቸው። ትልልቆቹን እንተዋቸውና ዛሬ ስለ እህትማማቾቹ እናውራ።

ከጥሩው ልጀምር። ልጅ ላለው ሰው ኦሮራ እሰየው ነው። ጓሮ አለ፣ ጸጥታ አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ብስክሌት መንጃ አለ። ከተማዋ በተለያዩ የትምህርት ዲስትሪክቶች የተከፋፈለች ናት። ስለዚህ ሐበሻ ቤት ሊገዛ ሲያስብ ወጥ ቤቱን ሳያይ በፊት «ቼሪ ክሪክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቼሪ ክሪክ ስሙ የተጠራ ዲስትሪክት ነው። ለእሱ ሲባል ሞርጌጁ፣ የቤቱ ብድር ማለት ነው፣ ቢከብድም፣ ባልና ሚስት ተፈራርቀው ሌሊት ቢሠሩም፣ ጥርስ ተነክሶ ይገዛል።

ሕክምናም ደጃፋችን ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ካምፓስ፣ አንሹትዝ የሚባለው፣ ያለው ኦሮራ ውስጥ ነው። ቦታው ድሮ ፊትዝሲመንስ የሚባል የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1955 ልባቸውን ሲታመሙ የተኙት እዚያ ነው። አሁን የሕፃናት ሆስፒታሉም እዚያው ነው። የዴንቨር ሰው ነው ለመታከም ወደ እኛ የሚመጣው። ከእኛም ስንቱ እዚያ ነርስ ሆኖ፣ ወለል ወልውሎ፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል።

አዳማ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሆስፒታል አለ፣ የሕክምና ኮሌጅም ነው። ሕመሙ ከበድ ሲል ግን «ሪፈር» ይጻፋል። ያኔ ኮንትራት መኪና ይፈለጋል፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ይደወልለታል፣ ፍራሽ ይነጠፋል። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው አጥሯል። በቢሾፍቱ በኩል ከከባድ መኪና ኋላ ጭስ እየታጠኑ መሄድ ቀርቷል። ያው መንገድ ግን የሸገርን ሰውም ይዞ መጣ። ቅዳሜና እሁድ ለመዝናናት፣ በሥራ ቀን ለስብሰባ። ሸገር ያለ መሥሪያ ቤት ስልጠና ሲያስብ አዳማን ነው የሚያስበው፤ አበል ይከፈልበታላ! ሆቴሎቹ በዚህ ደለቡ። የከተማው ሰው ደግሞ ቁርጥ ሊበላ ሲሄድ አበል እንደተከፈለው ሰው ይከፍላል።

አሁን ወደ ኦሮራ ችግር ልግባ። ስፋቷ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ያን ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ ተሸክማ 527 ናት። እንግዲህ አራት መቶ ሺህ የማይሞላ ሰው እዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ሲበተን አስቡት። ጨው ካለቀ ቁልፍ ይነሳል፣ ጋራዥ ይከፈታል፣ ሞተር ይነሳል። ሱቅ የለም፣ ጉልት የለም። «አንድ ራስ ሽንኩርት አበድሪኝ» የምትባል ጎረቤት ካለችም ስሟን አናውቀውም።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሕግ ነው። ዞኒንግ ይሉታል፤ መኖሪያው ለብቻ፣ ንግዱ ለብቻ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን አሠራር ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሆን፣ ክርክሩ የተነሳባት ዩክሊድ ራሷ በክሊቭላንድ ጎን ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች። በዚያ ውሳኔ አፓርትመንት በመኖሪያ ቤቶች መሀል ሲሠራ እንደ ጥገኛ ነገር ተቆጥሯል። እና ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት በሯ ላይ ቆሎ ልሽጥ ብትል የሚከለክላት የጎረቤት ክፋት አይደለም፤ ወረቀት ነው። በላዩ ላይ የሰፈሩ ማኅበር አለ፣ ኤችኦኤ የሚሉት። አንዴ «ሣርህ ደርቋል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ኮሎራዶ ደረቅ ሀገር ነው፣ ውሃ ውድ ነው። ከተማዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ በሚሠሩ ሰፈሮች እንዲያው ለጌጥ ብቻ የሚተከል ሣርን የሚገድብ ደንብ አውጥታለች። አንዱ አጠጣ ይላል፣ ሌላው ንቀል ይላል። እኔ መሀል ሆኜ የውሃ ጎማ ይዤ ቆሜያለሁ።

መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ ሁሉ ቻል የሚደረግ ነው። ከተማዋ በደንብ የምትታወቀው መኪና በማይነዳ ሰው ነው። በተለይ ከሀገር ቤት በመጡ እናቶች።

የአንድ ጓደኛዬ እናት ሕፃን ሊይዙ ከአዳማ መጡ። ልጅየው አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚሠራው፣ ሚስቱ ሆስፒታል። ንጋት ላይ ሁለቱም ይወጣሉ። ትልልቆቹን ልጆች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይወስዳቸዋል። እማማ ከሕፃኑ ጋር ይቀራሉ። ቤቱ አምስት መኝታ ቤት አለው፤ እሳቸው የሚውሉት ግን መስኮቱ ሥር ባለችው አንዲት ወንበር ላይ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው። የፊት ለፊቱ ጋራዥ ይከፈታል፣ መኪና ይወጣል፣ ጋራዡ ይዘጋል። ማታ መኪናው ይገባል። ሰውየውን አያዩትም። አንድ እሁድ ቡና እየጠጣን ድንገት «ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ሰው አይሞትም?» አሉኝ።

«እንዴት እማማ?»

«ድንኳን ተተክሎ አይቼ አላውቅም። ሠርግም የለ፣ ለቅሶም የለ። ምን ዓይነት ሀገር ነው?»

ብዙም ሳይቆይ ከእኛው ሰው መሀል አንድ አባት አረፉ። ለቅሶ ቤቱ እዚያው ኦሮራ ነበር። መኪናው ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ተደረደረ። አንድ ጎረቤት ወጥቶ ምን ዓይነት ድግስ እንደሆነ ጠየቀ። እማማ ሦስቱንም ቀን ሄዱ። ሽንኩርት ከተፉ፣ እንጀራ አጣጠፉ፣ የሟችን ባለቤት ደገፉ፣ አለቀሱ። ከሐረር፣ ከጎንደር፣ ከደሴ ከመጡ እናቶች ጋር ተዋወቁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከመጡ ጀምሮ ፊታቸው እንዲያ ሲፈካ ያየሁት ያን ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ የስድስት ወሩ ቪዛ እስኪያልቅ በስልክ ሲጠራሩ ከረሙ። ለመገናኘት ግን መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ይፈልጋሉ። ልጆቻቸው ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው።

አዳማ ላይ እኚሁ እናት ጠዋት ማርያም ተሳልመው፣ በገበያ አድርገው፣ የታመመ ጠይቀው፣ ለምሳ ቤታቸው ይደርሳሉ። ያውም በእግራቸው። ከደከማቸው ባጃጅ አለ። ማንም አያደርሳቸውም፣ ማንንም አይለምኑም። እኔ ለነጻነት ብዬ የመጣሁበት ሀገር እሳቸውን ምርኮኛ አደረጋቸው።

ይህን ስል ግን አዳማን ገነት ላደርጋት አይደለም። ባለፈው ስሄድ ጠዋት ጺም መላጫ ልገዛ ወጣሁ። ሱቁ ከበሩ ማዶ ነው። ስመለስ ረፋድ ሆኗል። «ከሳህ!» «ወፈርክ!» «ሁለተኛ አትወልዱም?» «እዚያ በወር ስንት ነው የሚከፈልህ?» መጀመሪያ ላይ ማር ነው። ሰው ሰላም ሲለኝ ዓይኔ እንባ ያቅራል። ሰንበት ሲል ግን ጓሮ ለጓሮ የሚወጣ በር መፈለግ ጀመርኩ። አንዲት የአጎቴ ልጅ ሸገር ገብታ የቀረችው በዚህ ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ከአንድ ልጅ ጋር ካፌ ብትቀመጥ፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ወሬው አባቷ ጆሮ ደረሰ። እሷ ኦሮራን ብታያት ትወዳታለች። ማን ገባ ማን ወጣ የሚል የለም።

ውሃውስ? በፈረቃ ነው። ሮቶ የሌለው ቤት እንደሌለ ቁጠሩት። ከከተማዋ አፋፍ ላይ ደግሞ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ተሰልፈው ይሽከረከራሉ፤ አንደኛው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት። ከሥራቸው ያለው ሰፈር መብራት ሲጠፋበት «ነፋሱ ከእኛ፣ አቧራው ለእኛ፣ መብራቱ ለማን?» ይላል። የአዳማን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በነገራችን ላይ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። እዚያና ወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው በጥርሱ ቀለም ይለያል፤ እኔም አንዱ ነኝ። እዚህ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስቀርብ ልሸማቀቅ ስል ሰውየው ደስ አለው። ለካ ከእኛ በስተ ደቡብ ባለችው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከመቶ ዓመት በፊት የሕዝቡ ጥርስ እንዲሁ ቡናማ ነበር። ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል የጥርስ ሐኪም ነገሩን ለዓመታት ሲከታተል ኖሮ፣ ምክንያቱ የውሃው ፍሎራይድ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1931 ተረጋገጠ። እህትማማችነቱ እስከ ጥርስ ድረስ ነው።

የእኔ ትዝብት ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ኦሮራ ውስጥ አዳማን የሚመስል ሰፈር አለ። ሀቫና ጎዳናና ኮልፋክስ አካባቢ ሂዱ። የኮሪያ ሱፐርማርኬት፣ የሜክሲኮ ጎሚስታ፣ የሐበሻ መደብር ትኩስ እንጀራ ደርድሮ። አውቶቡስ ያልፋል። ነጠላ ያደረጉ እናቶች ፌስታል አንጠልጥለው በእግራቸው ሲሄዱ ታያላችሁ። አፓርትመንቱ ያረጀ ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ የጎረቤት ሽሮ ይሸታል። የመኪና መስታወት ተሰብሮ ማደርም አለ፣ አልደብቅም። ከእኛ አብዛኞቹ ሲመጡ ያረፉት እዚያ ነው። እናት ከሀገር ቤት ብትመጣ ሰው የምታገኘው እዚያ ነው።

እኛ ግን ትንሽ ብር ስንቋጥር መጀመሪያ የምንሸሸው ከዚያ ሰፈር ነው። ኢ-470 ወደሚባለው የክፍያ መንገድ፣ ሳውዝላንድስ የሚባለው የገበያ ማዕከል ወዳለበት ጫፍ። ቤቱ አዲስ፣ ጋራዡ ሰፊ፣ ከመደብሩ የመኪና ጉዞ የሚርቅ። ከዚያ ሕፃን ሲወለድ እናታችንን እናስመጣና መስኮቱ ሥር እናስቀምጣለን። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ዛሬም ምረጥ ብባል ለልጆቼ ትምህርት ብዬ እደግመዋለሁ። ለእናቴ ግን ሀቫና ላይ አንድ ክፍል ብከራይላት ይሻል ነበር። ሐበሻ መሀል ለእናት ለብቻዋ ቤት መከራየት ነውር ስለሆነ ነው እንጂ።

ይህ የእኛ የውጪዎቹ አባዜ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በቀደም አንድ አብሮ አደጌ አዳማ ዳር ያስገነባውን ጂ ፕላስ ዋን ፎቶ ላከልኝ። ፍራንኮ ሰፈር ያለውን የወላጆቹን ቤት አከራይቶ ሊገባበት ነው። አጥሩ ረጅም፣ በሩ የብረት፣ ጎረቤቱ ገና ያልተሠራ መሬት። «ጸጥ ያለ ነው፣ ባጃጅ ራሱ አይገባም» ብሎ ጻፈልኝ በኩራት።

«እናትህ ማርያም እንዴት ሊሄዱ ነው ታዲያ?» አልኩት።

«ሹፌር እቀጥርላታለሁ።»