ጎረቤት ሳይጠየቅ የሚቆም ግድግዳ

እንግሊዝ አገር አንድ ሰው በቤቱ ጀርባ ወጥ ቤቱን ላስፋ ሲል ነገሩ በእሱና በቢሮው መካከል ብቻ አያልቅም። ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት፣ ለግራና ለቀኝ ጎረቤት ደብዳቤ ይልካል ወይም መንገድ ዳር ባለ የመብራት ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ያስራል። እዚህ ቤት ይህን ያህል ሜትር ወደ ኋላ ሊሠራ ታስቧል፣ ፕላኑ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ አስተያየት ያለው በ21 ቀን ውስጥ ይጻፍ ይላል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ማንበብ ይችላል። ተከራይም ሆነ ባለቤት እኩል ይጽፋል።

ለንደን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ በጣም ያስቀናኝ ነገር ይህ ነው። ብዙ ሰው የፈረንጅን አገር ሲያነሳ ስለ ባቡሩና ስለ ሆስፒታሉ ያወራል። እኔን ግን ያቺ ምሰሶ ላይ የታሰረች ወረቀት ሐረርን ታስታውሰኛለች። ሐረር፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ፣ ስንት ግድግዳ ነው ጎረቤት ሳይጠየቅ የቆመው?

መጀመሪያ የእነሱን አሠራር ላስረዳ። ሁሉም ነገር ፈቃድ ይጠይቃል ማለት አይደለም። ከሌላ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት ያለው ሰው በጀርባው በኩል ባለ አንድ ፎቅ ክፍል እስከ 3 ሜትር ድረስ ያለ ፕላን ፈቃድ መቀጠል ይችላል። ቤቱ ለብቻው የቆመ ከሆነ 4 ሜትር ይፈቀድለታል። ከፍታው ከ4 ሜትር መብለጥ የለበትም። ልኬቱ የሚጀምረው ቤቱ መጀመሪያ ሲሠራ ከነበረው ግድግዳ ነው፤ አሮጌ ቤት ከሆነ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1948 ከነበረበት ሁኔታ። ያን ቀን ነው ዘመናዊው የፕላን ሕግ ሥራ ላይ የዋለው። ስለዚህ የቀድሞው ባለቤት የቀጠለው ክፍል ካለ እሱም ካንተ ድርሻ ይቀነሳል። እስከ 6 ወይም እስከ 8 ሜትር ልሂድ ያለ ደግሞ ለካውንስሉ ያሳውቃል፣ ካውንስሉም አጎራባቾቹን ይጠይቃል። አንድ ጎረቤት እንኳ ከተቃወመ ጉዳዩ ይመረመራል።

ከዚህ ያለፈው ሙሉ ማመልከቻ ይፈልጋል። ውሳኔው በአብዛኛው በ8 ሳምንት ውስጥ መሰጠት አለበት። እምቢ ከተባለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገራል። ያልተስማማ አመልካች በ12 ሳምንት ውስጥ ይግባኝ ይላል፤ ይግባኙን የሚያየው ከካውንስሉ ውጭ የሆነ መርማሪ ነው። ለይግባኙ ክፍያ የለም።

የጎረቤት ተቃውሞ ሁሉ ደግሞ አይሰማም። ብርሃን ጋረደብኝ፣ መስኮቱ ግቢዬን ያያል ማለት ይቻላል። የቤቴ ዋጋ ይቀንሳል ወይም ሰውየውን አልወደውም ማለት ግን ቦታ የለውም። ብዙ ካውንስሎች ከጎረቤት መስኮት መሃል በ45 ዲግሪ መስመር እያሰመሩ አዲሱ ግድግዳ ብርሃን ይከለክል እንደሆነ ይለካሉ። የጋራ ግድግዳ የሚነካ ሥራ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ራሱን የቻለ ሕግ አለ። ባለቤቱ ሥራውን ከመጀመሩ 2 ወር በፊት ለጎረቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት።

ይህን ሁሉ ሳወራ እንግሊዝን ገነት ለማድረግ አይደለም። ደብዳቤው ጨዋታን ተክቷል። ለዓመታት በር ለበር ኖረው ሰላም ያልተባባሉ ሰዎች በካውንስሉ በኩል ሦስት ገጽ ተቃውሞ ይጻጻፋሉ። ሰውየው የጎረቤቱን ስም የሚያውቀው ከተቃውሞው ወረቀት ላይ ነው። ይህ ያሳዝናል። ሐረር ቢሆን ቡና ላይ ያልቅ ነበር።

ወረቀቱ መሟላቱ ብቻውን ሰውን እንደማያድንም ለንደን በከባድ ዋጋ አይታለች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 በግሬንፌል ሕንፃ እሳት 72 ሰዎች ሞቱ። ከመካከላቸው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። ሕንፃው ብዙም ሳይቆይ የታደሰ ነበር። ዙሪያውን የለበሰው አዲስ ሽፋን ነው እሳቱን ወደ ላይ ያስሮጠው። ሥራውን የሚቆጣጠረው የካውንስሉ ክፍልም የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ሰጥቶት ነበር። ነዋሪዎቹ ግን አደጋው ከመድረሱ በፊት ስለ ደህንነታቸው ደጋግመው ጮኸዋል። የሰማቸው አልነበረም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ሕንፃ ሲነካ አብሮት የሚኖረው ሰው ከሁሉም በፊት መሰማት አለበት።

አሁን ወደ ጀጎል።

ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የቆመ ነው። ውስጡ 48 ሄክታር ገደማ ነው። በዚያች ቦታ 82 መስጊዶች አሉ፤ ቤቱ በቤት ላይ፣ ግቢው በግቢ ላይ ተደግፎ ይኖራል። ዩኔስኮ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። እንደ ለንደን ከቤቱ ጀርባ ሣር የለበሰ ጓሮ የለም። ልጅ አድጎ ሚስት ሊያገባ ሲል፣ ወጥ ቤቱ ሲጠብ፣ ሽንት ቤቱ ሲሞላ ወዴት ነው የሚኬደው? ወደ ላይ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ነው።

የጀጎል ቤት ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግቢው የሚያዞር ቤት ነው። ግቢው ውስጥ ሴቶች ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ከሰው ዓይን ተገላግለው ይቀመጣሉ። በአጠገቡ አንድ ፎቅ ሲቆም፣ የፎቁ መስኮት ወደ ታች ሲከፈት፣ የስንት ቤተሰብ ግቢ ግቢነቱ ይቀራል። ዕድሜዋን ሙሉ ሻሿን አውልቃ በግቢዋ የምትቀመጥ እናት በገዛ ቤቷ እንግዳ ትሆናለች። ከልጅነት ጓደኞቼ የአንዱ እናት ይህ ደርሶባቸዋል። እሳቸው እንደ ድሮው ውጭ መቀመጥ ትተው ክፍል ውስጥ ነው የሚውሉት። ማንም መጥቶ አልጠየቃቸውም፤ መቃወም እንደሚችሉም የነገራቸው የለም።

እንግሊዝ አገር ለዚህ ቀላል መላ አለ። ያለ ፕላን ፈቃድ በተሠራ ላይኛ ፎቅ ላይ የጎን መስኮት ከተከፈተ መስተዋቱ የማያሳይ መሆን አለበት። ከክፍሉ ወለል 1.7 ሜትር በታች ያለው የመስኮቱ አካልም መከፈት የለበትም። ብርሃን ይገባል፣ ዓይን አይወጣም። ለጀጎል ይህ የሚከብድ ደንብ ነው? እኔ አይመስለኝም። አንድ መስተዋትና አንድ ሜትር የሚፈልግ ነገር ነው።

አገር ቤት ሕግ የለም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እከራከራለሁ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጥቷል። የሕንፃ ሹም የሚባል ኃላፊ አለ፣ የፕላን ስምምነት አለ፣ የግንባታ ፈቃድ አለ፣ ይግባኝ ሰሚ ቦርድም አለ። ለቅርስ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በአንቀጽ 1225 ባለ ንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ወረቀት ላይ አላነስንም።

የሚጎድለው ሌላ ነው። ያ ጓደኛዬ ራሱ በእናቱ ግቢ አንዲት ሽንት ቤትና ጠባብ ወጥ ቤት ለመጨመር ጥያቄ አቀረበ። ባለሙያው መስክ ነው፣ ነገ ና ተባለ። ካርታውን አምጣ፣ ደግሞ የዕድሳት ይሁን የአዲስ ግንባታ ይለይ ተባለ። እምቢ ያለው የለም፤ እሺ ያለውም የለም። እምቢታ ቢሆን እንኳ በጽሑፍ ቢሰጠው ይግባኝ ይልበት ነበር። ባልተጻፈ መልስ ላይ ይግባኝ አይባልም። ሰው እንዲህ ሲሆንበት ምን ያደርጋል? ቅዳሜና እሁድን፣ የበዓል ሰሞንን ይጠብቃል። ደንብ ማስከበር በማይዞርበት ቀን ግንበኛ ጠርቶ በጥድፊያ ያቆማል። በጥድፊያ የቆመ ነገር ደግሞ አያምርም፣ አይጸናም፣ ጎረቤትንም አያማክርም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆነማ የባሰ ነው፤ ቤቱ የእሱ አይደለም፣ አሳዳሹም አይመጣም፣ ጣሪያው ግን በእሱ ላይ ነው የሚያፈሰው።

ስለ ቅርሱ የሚያሳስበኝን ልናገር። የጀጎል ቤት ከድንጋይና ከጭቃ ተሠርቶ በኖራ የሚለሰን ነው። ውስጡ ባለ አምስት ደረጃ መቀመጫ፣ ቀይ ወለል፣ ግድግዳው ላይ ለሳህንና ለስፌት የተተዉ መስኮት መሰል ጉድጓዶች አሉት። እንዲህ ያለ ግድግዳ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ሲለሰን የገባበት እርጥበት መውጫ ያጣል፣ ድንጋዩን ከጭቃው ያላቅቀዋል። ከውጭ አዲስ ይመስላል፣ ከውስጥ እየበሰበሰ ነው። እንግሊዞች ይህን ተምረውበታል። በቅርስነት የተመዘገበ አሮጌ ቤት ያለው ሰው ልስኑን በሲሚንቶ ልቀይር ቢል የካውንስሉ የቅርስ ባለሙያ ኖራ ተጠቀም ይለዋል። ያለ ፈቃድ የቅርስ ቤትን ባሕርይ የሚለውጥ ሥራ መሥራት እዚያ ወንጀል ነው።

እኛ ግን ቅጣቱን ከመኮረጃችን በፊት መንገዱን ማሳየት አለብን። የጀጎል ሰው ቅርሱን ንቆ አይደለም ብሎኬት የሚደረድረው። ኖራ ለሳኝ የሚያውቅ አዛውንት እየጠፋ ነው፣ እንጨቱ ተወዷል፣ ሲሚንቶው ከሱቅ ይገኛል። ከተማው ለጀጎል የሚሆኑ ጥቂት የወጥ ቤት፣ የሽንት ቤትና የአንድ ተጨማሪ ክፍል ንድፎችን ቀድሞ አጽድቆ ቢያስቀምጥ፣ ይህን የመረጠ በአጭር ቀን ፈቃድ ያገኛል ቢል፣ አብዛኛው ሰው በሕጋዊው መንገድ ይሄዳል ብዬ አምናለሁ። ሰው የሚሸሸው ማለቂያ የሌለውን ምልልስ ነው።

ፈቃድ የሚባለው ነገር የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ድሬዳዋ ታውቃለች። ጀጎል በቅርስነት በተመዘገበችበት በዚያው ሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ ሌሊት፣ የከተማዋ ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከወንዙ አጠገብ ያለው ቤት ነው ቀድሞ የሄደው። አሸዋው ደርቆ ሲታይ ማን ወንዝ ነው ይለዋል? እዚህ አይሠራም የሚል ሰው በጊዜው፣ በምክንያትና በጽሑፍ ቢናገር፣ አማራጭ ቦታም ቢያሳይ ነፍስ ያድናል።

ወደ ጎረቤት ነገር ልመለስ። ሐረር የራሷ ዘዴ ነበራት፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ግድግዳ ሊነሳ ሲል ባለቤቱ ጎረቤቱን ያማክራል። ካልተስማሙ ሽማግሌ ይገባል። አቦ፣ ትንሽ ወደዚህ አርገው፣ ውሃውን በዚያ አውርደው እየተባለ ይታረቃል። ይህ ከየትኛውም ደብዳቤ የበለጠ ነው። የሚሠራው ግን ሁለቱም ወገን በቦታው ሲኖር ነው። ዛሬ የብዙ ቤት ባለቤት ቶሮንቶ ወይም ሚኒሶታ ነው። ብሩ ከውጭ ይመጣል፣ ትእዛዙ በስልክ ይመጣል፣ አሠሪው ዘመድ ወይም ደላላ ነው። ጎረቤቷ እናት ማንን ያናግሩ? ሽማግሌስ ማንን ይጥራ?

ለዚህ ነው ያቺን ወረቀት የምፈልጋት። ሥራው ሊጀመር ሲል በግቢው በር ላይ፣ በአማርኛም በሐረሪም በኦሮምኛም፣ ምን እንደሚሠራና እስከ ስንት ሜትር እንደሚወጣ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችል ከስግደት በኋላ በመስጊድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ይነገር። ሰው ሐሳቡን የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥ። ሽማግሌዎቹም የተስማሙበት ነገር በዶሴው ውስጥ ይግባ፣ ክብደት ይሰጠው። ይህ ሶፍትዌርም ብዙ በጀትም አይፈልግም።

ውጭ ሆነን ቤት የምናሠራውም የራሳችን ሥራ አለን። ሠራተኛው ፎቶ ሲልክልን ከመንገድ በኩል የተነሳውን ብቻ አንቀበል። ከጎረቤት ግቢ ሆኖ የተነሳ ፎቶ እንጠይቅ፤ አዲሱ መስኮት ከዚያ ምን እንደሚያይ ይታይ። ጎረቤቷ ገብታችሁ አንሱ ካላለች፣ የሚቀጥለውን ክፍያ ከመላካችን በፊት ለእሷ እንደውል።